ትሬለሩ ፊልሙን ከጨረሰው ትኬቱ ለምንድን ነው?

የአማርኛ ፊልም ትሬለር ስታዩ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ልጁና ልጅቷ ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ እሷ የያዘችው ነገር ይወድቅና እሱ ያነሳላታል። ወዲያው ዘፈኑ ይገባል፣ አብረው ሲስቁ እናያለን። አርባኛው ሰከንድ ላይ ድሃ መስሎ የቀረበው ልጅ የሀብታም ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ ጥፊ አለ፣ ከዚያ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እናትየው ለሃያ ዓመት የደበቀችውን ምስጢር እያለቀሰች ትናገራለች። መጨረሻ ላይ "በቅርብ ቀን" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እንዴ! ምኑ ነው በቅርብ ቀን የሚመጣው? ሁሉንም አሳይታችሁን የለ?

ይሄን የማነሳው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ማራኪ ውስጥ፣ በተለይ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ፣ ወጣቶች ስለ አዲስ ፊልም ሲያወሩ ደጋግሞ የሚሰማ አባባል አለ፤ "ትሬለሩን አይቼዋለሁ፣ በቃ ገብቶኛል።" ይህቺ "ገብቶኛል" የምትባል ቃል ለፊልም ሠሪ ከመጥፎ ሂስ የከፋች ናት። መጥፎ ሂስ የሰማ ሰው ቢያንስ "እስቲ እኔ ራሴ ልየው" ሊል ይችላል። የገባው ሰው ግን ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ከማራኪ ፒያሳ ለመድረስ የባጃጅ ወይም የታክሲ ሒሳብ አለ፣ ትኬት አለ፣ ሰው ይዞ ከወጣ ሻይ ቡና አለ፣ ሳይመሽ ወደ ቤት የመመለስ ሐሳብም አለ። ሰው ይሄን ሁሉ የሚያወጣው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጓጉቶ ነው። ጉጉቱን በስልኩ ላይ በነፃ ካረካው ኪሱን የሚዳብስበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ትሬለሮች ታሪኩን አብዝተው ይናገራሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ አዎ ነው። ግን ነገሩን "ሠሪዎቹ አይችሉም" ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ትሬለር አፉ የሚበዛው ሻጭና ገዢ ሳይተማመኑ ሲቀሩ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንየው። ትሬለር ማለት በእንግሊዝኛ ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው፤ የጭነት መኪና ተሳቢም በዚሁ ስም ይጠራል። ፊልም ላይ ስሙ የወጣው መጀመሪያ አካባቢ ማስታወቂያው የሚታየው ከዋናው ፊልም በኋላ ስለነበር ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1913 ኒውዮርክ ውስጥ ለአንድ የሙዚቃ ትርዒት የተሠራው እንደሆነ ይነገራል። ችግሩ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ወደፊት አመጡት፣ ስሙ ግን እዚያው ከኋላ ቀረ።

ትሬለር ሳይናገር መሸጥ እንደሚችል ያሳየው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 "ሳይኮ" የተባለውን ፊልሙን ሲያስተዋውቅ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ትሬለር ሠራ። ከዛሬዎቹ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ታዲያ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን አሳየ? ራሱ ብቅ ይልና ታሪኩ የተፈጸመበትን ቤት እንደ አስጎብኚ እየዞረ ያሳያል። "እዚህ ጋ እኮ..." ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። ክፍል ይከፍታል፣ ይዘጋል። ተመልካቹ እዚያ ግድያ እንደተፈጸመ ያውቃል፣ ማን ለምን እንዳደረገው ግን አያውቅም። ይባስ ብሎ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሽ እንዳይገባ የሚል ደንብ አወጣ። ሰዉ ተቆጣ? ኧረ ተሰለፈ እንጂ!

በእኛ አገር ደግሞ የፊልም ማስታወቂያ ለረጅም ጊዜ በፖስተር፣ በሬዲዮና ሞንታርቦ ጭኖ በሚዞር መኪና ላይ የቆመ ነበር። ፖስተር ሁለት ፊት፣ አንድ ርዕስና የተዋናዮች ስም ይይዛል፤ ታሪክ ልናገር ቢል እንኳ ቦታ የለውም። ሞንታርቦውም ቢሆን "ፍቅር፣ ቅናት፣ በቀል!" ብሎ ያልፋል እንጂ ማን ማንን እንደሚበቀል አይናገርም። ስልክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲመጡ ግን ማስታወቂያው ምስልም ድምፅም ሆነ። አፍ አገኘ፤ አፍ ሲያገኝ ደግሞ ዝም ማለት አቃተው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ወደ ድሮው የተመለስን መስሎን ነበር። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ፊልም የሚፈልግ ሰው ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ይዞ ወደሚሞሉ ቤቶች ይሄዳል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ ርዕሱን አይቶ ይመርጣል። "ይሄ እንዴት ነው?" ሲል ሞዪው "አሪፍ ነው፣ ውሰደው" ይለዋል። በቃ፣ ትሬለሩ ይሄ ነበር። ሰውም ይወስድና ቤቱ ገብቶ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሳያውቅ ያያል። ኢንተርኔት መጥፋቱን ማንም አይመኘውም፣ ጉዳቱን እናውቀዋለን። ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ሰው ታሪኩን ሳይነገረው ፊልም መምረጥ ይችላል፣ የሚያምነው ሰው "አሪፍ ነው" እስካለው ድረስ።

ወደ መተማመኑ ጉዳይ እንምጣ። ኢኮኖሚክስ ስንማር ዕቃዎችን በሁለት እንከፍላቸው ነበር። አንዳንዱ ዕቃ ሳትገዛው ጥራቱን ታያለህ፤ ወንበር ከሆነ ትቀመጥበታለህ፣ ጫማ ከሆነ ትለካዋለህ። ሌላው ግን ካልተጠቀምክበት ጥራቱን አታውቅም። ፊሊፕ ኔልሰን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ይሄን ልዩነት ጽፎበታል። ፊልም የሁለተኛው ዓይነት ንጹህ ምሳሌ ነው። ጥሩ መሆኑን የምታውቀው ካየኸው በኋላ ነው፤ ካየኸው በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ሄዷል።

በዚያው ዓመት ጆርጅ አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አወጣ፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ መስመር ሥራው ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደጋግሞ ከተሸወደ በኋላ ጥሩውንም መኪና በመጥፎ ዋጋ ይጠይቃል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋማ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ነው። የእኛን የፊልም ገበያ ስታዩት ይሄ ታሪክ አይመስልም? ተመልካች ፖስተር አምኖ ገባ፣ ተሸወደ። ርዕስ አምኖ ገባ፣ ተሸወደ። ታዋቂ ተዋናይ አምኖ ገባ፣ ተዋናዩ አሥር ደቂቃ ብቻ ታይቶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ "ካላየሁ አልገዛም" ማለት ጀመረ። ሻጩም "እሺ፣ እንካ ሁሉንም እይ" አለ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሄ ችግር የሚፈታበት ዘዴ አለ። ጤፍ የምትገዛ እናት እጇን ከማዳበሪያው ውስጥ ሰዳ ትዘግናለች፣ ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን ታወጣዋለች። ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ይቀምሳል። ሻጩም አይከፋውም፣ ማሩን የሚያምን ሻጭማ "ቅመስ!" ብሎ ይለምናል። ትሬለርም እንዲህ ያለ ቅምሻ ነው። ግን ማርና ታሪክ አንድ ልዩነት አላቸው። ማሩን በጣትህ ብትቀምስ እንስራው ውስጥ የቀረው ማር ጣዕሙ አይቀንስም። የታሪክን መጨረሻ አስቀድመህ ከቀመስክ ግን ከእንስራው ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል። ትሬለር ቆራጭ የሚያስቸግረውም ይሄው ነው፤ ለማሳመን ማሳየት አለበት፣ ባሳየ ቁጥር ደግሞ የሚሸጠው ነገር ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ክርክር መስማት ተገቢ ነው፤ ባዶ ክርክር አይደለምና። "ካስት አዌይ" የተባለው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ፊልም ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው ነው። ይተርፋል ወይስ አይተርፍም? ትሬለሩ መልሱን ነገረው። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ በዚህ ሲወቀስ ያለው ነገር በአጭሩ፣ ሰዎች የሚያዩትን አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ፣ የለመዱት ምግብ ቤት እንደሚሄዱት ሁሉ የሚል ነው። ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች አሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮችን ለአንባቢዎች ሰጥተው፣ መጨረሻውን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን በአመዛኙ የበለጠ እንደወደዷቸው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አገኘ፤ ያልተነገራቸው የበለጠ ተደሰቱ። እንግዲህ የቱን እንመን?

እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ለምን እንደሆነ ለማየት ጥናቱን ትተን የራሳችንን ሁለት ርዕሶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው በ1950ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር የተሠራውና የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ተብሎ የሚጠራው ነው፤ ርዕሱ "ሂሩት አባቷ ማነው?" ይላል። ከነጥያቄ ምልክቱ። የአማርኛ ፊልም ታሪክ በጥያቄ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። ይህ ርዕስ ብቻውን ትሬለር ነው፤ ሦስት ቃል ያነበበ ሰው መልሱን ይፈልጋል። መልሱን ፖስተሩ ላይ ብትጽፉት ግን ገና ሳይጀመር አለቀ።

ሁለተኛው ከእሱ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ ልብወለድ ነው፤ "ፍቅር እስከ መቃብር"። ይሄኛው ደግሞ መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፎታል! መቃብር ነው ያለው፣ ሌላ ምን ይበል? ሆኖም ሰው አነበበው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ያነበበውም ያላነበበውም ሬዲዮ ሥር ተሰበሰበ። የበዛብህና የሰብለ ነገር በሠርግና በዘፈን እንደማያልቅ ርዕሱ ነግሮናል። የሚያስቀምጠን "ምን ይሆናሉ?" የሚለው ሳይሆን "እንዴት እዚያ ደረሱ?" የሚለው ነው።

ጎንደር ለዚህ ሌላ ማስረጃ አላት። ፒያሳ ላይ ሐውልታቸው የቆመው አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ምን እንዳደረጉ የማያውቅ የዚህ አገር ልጅ የለም። ግርማቸው ተክለሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረመድኅንም ቲያትር ጽፈውባቸዋል። መጨረሻውን ስለምናውቅ ቀረን? አልቀረንም። ታሪካዊ ነገር፣ ሐዘን ያለበት ነገር፣ የታላቅ ሰው አወዳደቅ፣ እነዚህ በ"እንዴት" የሚኖሩ ናቸው።

የጎንደር ልጅ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ "ጤዛ"ም እንዲሁ ነው። እዚሁ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለዱ፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ራሳቸው ደራሲና ቲያትር አዘጋጅ ነበሩ። "ጤዛ" እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት አገኘ። ፊልሙ ገና ሲጀምር ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ዶክተር አንበርብር እግሩን ማጣቱን እናያለን። ኃይሌ አልደበቁትም፣ አስቀድመው ሰጡን። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም እንዴት አጣው፣ ከእግሩስ ሌላ ምን አጣ የሚል ነው። እዚህ ላይ መልሱን ብጽፍላችሁ ግን የምወቅሳቸውን ሰዎች ሥራ መሥራቴ ነውና አልጽፍም። ያላያችሁ እዩት።

እንግዲህ ልዩነቱ ይሄ ነው። በ"እንዴት" የሚኖር ፊልም ጥቂት ቢናገር አይሞትም። በ"ማነው?" እና በ"ምን ይሆን?" የሚኖር ፊልም ግን መልሱን ከሰጠ ሞቷል። አሁን ገበያችን ላይ በብዛት ያሉት የፍቅርና የኮሜዲ ፊልሞች የየትኛው ወገን ናቸው? ማንነቱን የደበቀ ሀብታም፣ ሳታውቀው ከወንድሟ ጋር ልትጋባ የደረሰች ልጅ፣ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ባል፤ ሁሉም የሂሩት ቤተሰቦች ናቸው። ሁሉም የቆሙት በአንድ ምስጢር ላይ ነው። ትሬለራቸው መጀመሪያ የሚያወጣው ደግሞ ያንኑ ምስጢር ነው። ቤት ሠርቶ ምሰሶውን ለማስታወቂያ እንደመንቀል ቁጠሩት።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው "ተርሚኔተር 2" ሲጀምር ከሁለቱ መጪዎች የትኛው ገዳይ፣ የትኛው ጠባቂ እንደሆነ እንዳይታወቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ማስታወቂያዎቹ ግን አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በዚህኛው ክፍል ጠባቂ መሆኑን ቀድመው ነገሩት። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2014 ትሬለር ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ አስገዳጅ ግን አልነበረም። ለነገሩ ርዝመቱ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ሂችኮክ በስድስት ደቂቃ ያልተናገረውን የኛ ሰው በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

"ታዲያ እንደብቅ ስትል ተመልካቹን አታሎ ማስገባት አይሆንም ወይ?" የሚል ሰው ይኖራል። አይሆንም። መደበቅና መዋሸት ይለያያሉ። "የስተርዴይ" የተባለው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ፊልም ትሬለሩ ላይ አና ዴ አርማስ የተባለችውን ተዋናይ አሳይቶ ፊልሙ ውስጥ ግን የእሷ ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ሁለት ተመልካቾች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ስለሆነ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ብለው ወሰኑ። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ ኮሜዲውን ድራማ አስመስሎ መሸጥ፣ የሌለ ተዋናይ ማሳየት ውሸት ነው። የምስጢሩን መልስ አዳራሹ ውስጥ ማቆየት ግን ውሸት አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው።

ምን ይደረግ? ለፊልም ሠሪዎች ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ትሬለሩን ከፊልሙ የመጀመሪያ አንድ ሦስተኛ ብቻ ቁረጡት። በዚያ ውስጥ የሚስብ ነገር ካጣችሁ ችግሩ ትሬለሩ ላይ ሳይሆን ፊልሙ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፊልሙን የቆረጠው ኤዲተር ትሬለሩን ብቻውን አይጨርሰው። እሱ ታሪኩን መቶ ጊዜ አይቶታል፣ ለእሱ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ፊልሙን ያላየ አንድ ጓደኛ ጠርታችሁ ትሬለሩን አሳዩትና "ታሪኩን ንገረኝ" በሉት። እስከ መጨረሻው ከነገራችሁ መልሳችሁ ቁረጡ። ሦስተኛ፣ ከታሪኩ ይልቅ ስማችሁን ሽጡ። ሁለት ጊዜ ጥሩ የሠራ ዳይሬክተር ለሦስተኛው ፊልሙ ብዙ መናገር አይጠበቅበትም፤ ስሙ ዋስትና ነው። ማር ሻጩም ደንበኛው ካመነው በኋላ "ቅመስ" ማለት ይተዋል።

ለእኛ ለተመልካቾችም አንድ አለኝ። ጥሩ ፊልም አይተን ስንወጣ ለጓደኛችን ታሪኩን አንናገር፤ "እየው" እንበለው። ሚሞሪ ሞዪው በሁለት ቃል የሚሠራውን ሥራ እኛም እንችላለን። ተመልካች ለተመልካች የሚሰጠው የታመነ ቃል በበዛ ቁጥር ሻጩ ሁሉንም ዘርግፎ ማሳየት አያስፈልገውም።

ደግሞስ ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት የነበረውን ሕግ አስታውሱ። ጠያቂው "እንቆቅልሽ" ይላል፣ ተጠያቂው "ምን አውቅልሽ" ይላል። መልሱ ቢጠፋ ጠያቂው በነፃ አይናገርም፤ "አገር ስጠኝ" ይላል። ጎንደርን ይሰጠዋል፣ ጎንደር ካነሰችበት ሌላ ይጨምርለታል። አገሩን ተረክቦ፣ ተንጎራድዶ፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የሚነግረው። አገር ሳይቀበል መልሱን የሚዘረግፍ ልጅ ቢኖር ከእሱ ጋር ማን ይጫወታል? ፊልም ሠሪዎቻችንም እንዲሁ ያድርጉ። እንቆቅልሹን በትሬለሩ ይጠይቁን፣ መልሱን አዳራሹ ውስጥ ያቆዩልን። አገሩን እኛ በትኬት እንከፍላለን።